በቢላዋ ጫፍ የተዘረጋ ብርቱካን

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዳቦ ቤት ስመለስ ልጄ ቤተል የናርቺ ልጣጭ ሂተሩ አናት ላይ ደርድራ አገኘኋት። ናርቺ የምንለው እዚህ ጆሃንስበርግ ነው፤ አገር ቤት መንደሪን ይባላል። ብርዱ ሲገባ እኛ ሰፈር፣ ሮዘተንቪል፣ በየመንገዱ ማዕዘን በቀይ መረብ ታስሮ ይሸጣል። ድሮ እዚህ የገባን ሰሞን በአምስት ራንድ ሁለት እጅ የማይችለው ይሰጡን ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ሲሉ አያፍሩም። የዚህ ከተማ ቤት ደግሞ ብርድ የሚባል ነገር ይመጣል ብሎ ያላሰበ ሰው የሠራው ነው። ግድግዳው ሌሊት የጠጣውን ብርድ ቀኑን ሙሉ ሲተፋ ይውላል፣ እኛም ሐምሌን የምናሳልፈው አንዲት ሂተር ከበን ነው። ልጣጩ ሞቆ ጠርዙ መጠቅለል ጀምሯል። ያን ሽታ ሳሸተው ዳቦዬን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቀረሁ። ከጣሊያኗ ከተማ ከፓዶቫ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ቤት አሽትቼው አላውቅም፤ እኔም ራሴ አድርጌው አላውቅም፣ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር። ዛሬ ግን ልንገራችሁ።

ልጣጭ ማሞቂያ ላይ ማስቀመጥን ቤተል የለመደችው ከማቴዎ ነው። ማቴዎ እጮኛዋ ነው፤ እዚህ የውሃ ኢንጂነር ሆኖ የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ቀላ ያለ ጣሊያናዊ። ነሐሴ ላይ አብረው ሄደው እናትና አባቱን ልትተዋወቅ ቪዛዋ ተመትቶ ነበር። ሐሙስ ዕለት የማቴዎ አባት በድንገት አረፉ፤ ልጁ በዚያው ማታ በረረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄን ያገኘኋት እሱ የላከላትን መልእክት ለአሥረኛ ጊዜ ስታነብ ነው። «ቀብሩ ሰኞ ነው። እናቴ ሰው ማየት አትፈልግም። አሁን አትምጪ፣ ነሐሴ ላይ እንደተባባልነው ትመጫለሽ» ይላል። ከመልእክቱ ሥር ደግሞ ከኢንተርኔት ያወጣችው ዝርዝር ተከፍቷል፤ የጣሊያኖች ወግና ሥርዓት፣ መንገደኛ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች፣ የሚል።

«ማሚ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። «ሊስቱ ላይ ሳይጋበዙ ቤት አይሄዱም ይላል። ለቅሶ ላይም አጭር ነው ይላል፤ እጅ ትጨብጫለሽ፣ አዝናለሁ ትያለሽ፣ ትወጫለሽ። እናቱ ደግሞ ሰው አልፈልግም ብላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየኝ የማትፈለግ እንግዳ ሆኜ ልታየኝ ነው። ባልሄድስ? አባቱ ሞቶ ፋርማሲ ገብቼ ኪኒን ስቆጥር ልዋል?»

ልጄ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ከደንበኞቿ ጋር በዙሉ እየቀለደች መድኃኒት የምትሸጥ፣ እኔን አስር ጊዜ የምታርመኝ ልጅ ናት። እንዲህ ግራ ገብቷት አይቻት አላውቅም። ስልኳን ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ ደፋሁትና ሂተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ልክ መሆኑን የማውቀው እያንዳንዱን ስላጠፋሁት ነው።

ፓዶቫ የሄድኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የምሠራበት የሚሲዮን ሆስፒታል ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ነርስ ሲልክ ዕጣው ለእኔ ወጣ። በዚያ ዘመን የመውጫ ወረቀት ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደሚረገጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሱን አላነሳም። እኔ የማነሳው ካፖርቴን ነው። በትልቁ ሞላላ አደባባይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚቆመው ገበያ የገዛሁት አረንጓዴ ካፖርት፣ የግራ ኪሱ ተቀዶ ሳንቲም የሚያፈስ። ከሥሩ ቤል ቦተም ሱሪ፣ ከላዩ ጎፈር ያለ አፍሮ። የከተማው መንገድ ሁሉ ጣራ አለው፤ በግራም በቀኝም ቅስት ተሠርቶ ሰው ዝናብ ሳይነካው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ከየቡና ቤቱ በራድዮ የፍቅር ዘፈን ይወጣል፤ ቃሉ ባይገባኝም ሁሉም ስለተለያዩ ሰዎች እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ድምፃቸው እንደዚያ ነውና። ዛሬም ጄፒ ስትሪት ስሄድ፣ የሐበሻ ሱቆች መሐል፣ አንዱ ድሮ ዘፈን ከከፈተ ትከሻዬ ላይ ያ ካፖርት ያለ ይመስለኛል።

ጣሊያንን የማውቅ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ለምን አይመስለኝ? ማኪያቶ ጠጥቼ ነው ያደግኩት፣ ፓስታ በልቼ ነው ያደግኩት፤ ሠፈራችን ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ጎሚስታ ነው፣ መፍቻው ካቻቢቴ ነው፣ ስንለያይ ቻው ነው የምንባባለው። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍላችንን ዋና ሐኪም፣ ሽማግሌውን፣ ስሰናበት በፈገግታ «ቻው!» አልኳቸው። ነርሶቹ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የወደዱ መሰሉ። ለካ ቻው ለጓደኛና ለሕፃን ነው፤ እኛ አገር ግን ለጳጳስ ካልሆነ ለማንም ይባላል። ቡና ቤት ገብቼ እንደ አገሬ ወንበር ስቤ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ ቆሞ የሚጠጣው ሁለት መቶ ሊሬ የሚከፍልበትን እኔ ከእጥፍ በላይ ከፈልኩ። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ሳዝ አሳላፊው ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ገበያ ላይ ቲማቲሙን ጨበጥ ጨበጥ አድርጌ ስመርጥ ሻጯ እጄን መታ አደረገችኝ። አስተናጋጁን ለመጥራት ያጨበጨብኩትንማ ተዉት።

ያከራዩኝ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሲኞራ ኤልዳና ሲኞር ብሩኖ። ልጅ የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ከረጅም ኮሪደር ጫፍ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። ሲኞራ ኤልዳ ቀጥ ያለች፣ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ሎቲዋን ሳታደርግ ከቤት የማትወጣ ሴት ነበረች። እኔን ሰው የማድረግ ሥራ እንደ ሥራ ያዘችው። ዳቦ ተገልብጦ አይቀመጥም። ባርኔጣ አልጋ ላይ አይጣልም፣ ሞት ይጠራል። ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ወንበር አይጎተትም፣ ጎረቤት ተኝቷል። ፓስታን በዳቦ ስበላ ባየችኝ ቀን «ዱቄትን በዱቄት?» ብላ ዳቦዬን አነሳችው፤ ወጡ ሲቀር ግን ቁራሽ ዳቦ መለሰችልኝና ሳህኑን እንድጠርግበት በዓይኗ ፈቀደችልኝ፣ ቤት ውስጥ ብቻ፣ ሰው ፊት አይደረግም። ከሁሉ በላይ «ፔርሜሶ»ን አስተማረችኝ። የሰው ደጃፍ ስትረግጪ፣ በሩ ተከፍቶልሽ፣ ግቢ ተብለሽም ቢሆን፣ አንድ እግርሽን ደፍ ላይ አድርገሽ ፔርሜሶ ትያለሽ፤ «ይፈቀድልኝ» እንደማለት ነው። ከውስጥ «አቫንቲ» ሲሉሽ ትገቢያለሽ። እኛ ከአጥር ውጭ «ቤቶች!» እንደምንለው ማለት ነው፤ የእኛ እስከ ሦስተኛ ጎረቤት ይሰማል፣ የእነሱ ለባለቤቱ ብቻ ነው።

ሲኞር ብሩኖ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ። ከምግብ በኋላ ብርቱካን የሚልጠው እሱ ነው። በትንሽ ቢላዋ ልጣጩን ሳይቆርጥ እንደ ጥብጣብ አዙሮ አዙሮ ያወጣና የብረት ምድጃው ላይ ያሳርፈዋል፤ ቤቱ ሁሉ በዚያ ሽታ ይሞላል። ከዚያ ፍሬውን ቆርጦ በቢላዋው ጫፍ ወግቶ ለሰው ያዳርሳል። የመጀመሪያው እሑድ ምሳ ላይ አንዷን ቁራጭ በቢላዋ ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋ። የሚጠበቅብኝ ሳህኔን ማስጠጋት ነበር። እኔ ምን አውቄ! አንድ አባት ምግብ ይዞ ወደ አንቺ እጁን ከዘረጋ ምን ታደርጊያለሽ? አንገቴን አስግጌ አፌን ከፈትኩ።

ሲኞራ ኤልዳ ሹካዋን አስቀመጠች። ብሩኖ ቢላዋውን እንደዘረጋ፣ እኔ አፌን እንደከፈትኩ፣ ለስንት ጊዜ እንደቆየን እንጃ። ከዚያ በጣም በጥንቃቄ፣ ቢላዋው እንዳይነካኝ፣ ብርቱካኑን በጣቱ አውጥቶ አጎረሰኝ። ጎረስኩ። ሳቁ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ሆዱ ጠረጴዛውን እስኪነቀንቀው ሳቀ፣ እንባውን በናፕኪን ጠረገ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ የሲኞራን ፊት ሳይ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗን ማየት አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ብሩኖ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለእኔ ሳይሰጥ ቀርቶ አያውቅም፤ ሚስቱን በጎን እያየ፣ በእጄ መዳፍ ላይ።

በአምስተኛው ወር፣ ጭጋጉ ከቅስቶቹ ሥር ገብቶ በሚተኛበት ወራት፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጠዋት ስመለስ የሕንፃችን በር አጠገብ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ስሙን አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ጥቁር ጠርዝ አለው፣ ትንሽ ፎቶ አለው። ብሩኖ ነበር፤ ሾፌር ሳለ የተነሳው፣ ኮፍያ ያደረገበት ፎቶ። ልቡ ነው አሉ፣ ሌሊቱን።

እኔ ያደረግኩትን ከእናንተ ማንኛችሁም ታደርጉት ነበር። ከአንደኛው ደረጃ ጀምሬ ለቀቅኩት። «ወይኔ አባቴ! ወይኔ ብሩኖ!» እያልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ አራት ፎቅ። ከየወለሉ በር ተከፈተ፤ በካልሲ የወጣ ሰው ሁሉ ነበር። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ሲኞራ ኤልዳ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ሎቲዋን አድርጋ ደፉ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «በቃ። እዚህ አይደለም» አለችና ክንዴን ይዛ ክፍሌ አስገብታ በሩን ዘጋችብኝ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ይቺ ሴት ባሏን አትወደውም ነበር ብዬ ፈረድኩባት። ይህን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሰዎች መጡ። እጇን ጨበጡ፣ ጉንጯን ሳሙ፣ አንድ ቃል አሉ፣ በሩብ ሰዓት ወጡ። ከቀብር በኋላ ማንም አልተከተላትም። ንፍሮ የለ፣ ድንኳን የለ፣ አብሯት የሚያድር ሰው የለ። ቤት ገብታ ካፖርቷን ሰቅላ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሰው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ነርስነቴን ተዉት፤ ያደግኩበት ሠፈር ሐዘንተኛ ብቻውን ከተተወ ሠፈሩ ነው የሚታማው። አንኳኩቼ «ፔርሜሶ» አልኩ። ከውስጥ «አመሰግናለሁ፣ ወደ ክፍልሽ ሂጂ» የሚል ድምፅ መጣ። አቫንቲ አላለችም። አቫንቲ ካልተባለ አይገባም፣ ራሷ አስተምራኛለች። ወደ ክፍሌ መመለስ ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ወንበሬን ከክፍሌ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ በር ማዶ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፣ አላወራሁም። ካፖርቴን እንደለበስኩ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ወንበሩ ላይ ሰው እንዳለ ሳታይ አለፈችኝ፤ ስትወጣም፣ ስትገባም። በግድግዳው በኩል ግን ሰማኋት። ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምታለቅሰው። ያን ጊዜ ነው የፈረድኩትን ፍርድ የዋጥኩት። በሁለተኛው ቀን ፊቴ ቆመች።

«የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም ሲኞራ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት እንቀመጣለን።»

«ተቀምጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

ጣሊያንኛዬ አጭር ነበር፣ መልሱም ያው አጭር ነው። «ምንም።»

«እስከ መቼ?»

«ለጊዜው ሦስት ቀን።» ሠልስት የሚለውን በምን ቋንቋ ልንገራት?

ራሷን ነቀነቀችና ገባች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። «አቫንቲ» አለች፣ ቀስ ብላ። ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርቱካንና የብሩኖ ቢላዋ አለ። መላጥ አልሆነላትም፤ ልጣጩ ሦስት ቦታ ተቆረጠባት። ቁርጥራጩን ሰብስባ ምድጃው ላይ አደረገች። ከዚያ አንድ ቁራጭ በቢላዋው ጫፍ ወግታ ወደ እኔ ዘረጋች። ሳህን አስጠጋሁ፤ እንዲያ ነው ያስተማረችኝ፣ ተምሬ ነበር። እጇን አልመለሰችም። ጠበቀች። አየኋት፣ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ብርቱካኑ ከቢላዋው ሳይላቀቅ። የአረንጓዴ ካፖርቴን እጅጌ ይዛ እስኪመሽ አለቀሰች። ሲወጣላት እንዲህ አለችኝ፤ «ደረጃው ላይ አሳፍረሽኝ ነበር። ግን አርባ ዓመት በኖርንበት ሕንፃ ለብሩኖ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።» አፍንጫዋን ጠርጋ ጨመረች፤ «ነገ ወንበሩን ክፍልሽ አስገቢ። ሦስት ቀን ይበቃል፣ ኮሪደሩ ጠባብ ነው።»

አራት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ አራቱንም ወር በየእሑዱ ምሳ አብረን በላን። አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ተጻጻፍን። ከዚያ ደብዳቤዬ ተመልሶ መጣ፤ ፖስታው ላይ አንድ ቃል ተጽፎበታል፣ ትርጉሙን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ለኤልዳ ለቅሶ ወንበር ይዤ የምቀመጥበት ኮሪደር አልነበረኝም። ልጣጭ ማሞቂያ ላይ አስቀምጬ የማላውቀው ለዚህ ነው።

ቤተል እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሂተሩ ላይ ያለው ልጣጭ ጠቁሮ መጨስ ጀምሮ ነበርና ተነስታ ገለበጠችው።

«አባቢ ሲሞት ማቴዎ ያደረገውን ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

እንዴት ትረሳዋለች! ባለቤቴ ያረፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ግቢያችን ድንኳን ተተክሎ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ከኦሬንጅ ፋርምና ከቴምቢሳ ሳይቀር የአገራችን ልጆች ስፓዛቸውን፣ ያቺን በየሠፈሩ ያለች ትንሽ ሱቃቸውን፣ ዘግተው ሦስት ታክሲ ቀይረው መጥተው ነበር። ሲዳማው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ጉራጌው፣ ሁሉም በየራሱ አማርኛ «እግዜር ያጽናሽ» እያለኝ። ማቴዎ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ያን ጊዜ ገና ከቤተል ጋር መተዋወቃቸው ነበር። እጄን ጨበጠ፣ አንድ ቃል አለ፣ አሥር ደቂቃ ቆመ፣ ሄደ። ሴቶቹ ተያዩ። «ይሄ ነው?» አለች አንዷ። ልጄ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት፤ «ማሚ፣ ቴን ሚኒትስ! አባቴ ሞቶ ቴን ሚኒትስ!» ብላ ስሙን ከስልኳ ልታጠፋ ነበር። እኔ በዚያ ሐዘን መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ መጣብኝ። ክብር መስጠቱ ነው፣ ከዚህ በላይ መቆየት ነውር ነው ብሎ ነው፣ አልኳት፤ ደውለሽ እኛ እንደምንቀመጥ ንገሪው። በማግስቱ ጠዋት መጣ። አራት ቀን ተቀመጠ። ወንበር ተሸከመ፣ ሰው አስተናገደ፣ የቴምቢሳ ልጆች ካርታ አስተማሩት፤ አንድ ቃል ሳይገባው እስከ ማታ ይቆይ ነበር።

«እሱ ተነግሮት ተቀመጠ» አልኳት ልጄን። «እናቱን ደግሞ ማን ይንገራት? ተነሽ፣ ቲኬት ቁረጪ።»

«ሃይቦ ማሚ! አትምጪ ብሎኛል እኮ።»

«እንዳልከብድባት ብሎ ነው። አሁን የምልሽን ስሚ። ዋይታ የለም፣ አንዲት ድምፅ እንዳትወጣሽ። ጥቁር ልበሺ፣ ሎቲሽን አድርጊ። ደፉ ላይ ቆመሽ ፔርሜሶ በይ። አቫንቲ ካልተባልሽ አትግቢ።»

«ካላለችስ?»

«ደረጃ አለ አይደል?»

«ደረጃ ላይ ልቀመጥ? ፖሊስ ይጠሩብኛል!»

«ወንበር ለምኚ» አልኳት። እየሳቀችም እያለቀሰችም ቲኬቱን ቆረጠች። እሑድ አየር ማረፊያ ስሸኛት ሻንጣዋን ከፍቼ ነጠላዬን አጥፌ ከላይ አደረግኩላት። ስትገባ ሳያት ትንሽ ሆና ታየችኝ። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ብዙ የማውቅ መስሎኝ ነው የሄድኩት፤ እሷ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ምንም እንደማታውቅ አውቃ ሄደች። የቱ እንደሚሻል እንጃ፣ ግን ፈራሁላት። ያቺ ሴት ፊት ብትነሳትስ? እኔ ነኝ የላክኋት። የጋብቻዋ ደፍ ላይ ገፍቼ ያቆምኳት እኔ ነኝ።

ሰኞ ከቀብር በኋላ አጭር መልእክት ላከች። የማቴዎ እናት ሲኞራ ሉቺያ በሩን ራሷ ከፍታለች። «አመሰግናለሁ፣ ደክሞሻል፣ ሆቴል ሄደሽ እረፊ» ብላ መኝታ ቤቷ ገብታለች። ማቴዎ በጣም አፍሯል። ቤተል ግን ሆቴል አልሄደችም፤ ወንበር ለምና ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ማክሰኞ፤ «አለፈችኝ። አላየችኝም።» ከዚያ በኋላ መልእክት አልመጣም። ረቡዕ እኔ ቤት ውስጥ የማደርገው ጠፋኝ። ቁምሳጥን አጸዳሁ፣ ንጹሕ አንሶላ ደግሜ አጠብኩ፣ ስልኬን ኪሴ ውስጥ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ መልሼ ኪሴ ውስጥ። ናርቺ ላጥኩና ልጣጩን በገዛ እጄ ሂተሩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ለብሩኖ፣ ለኤልዳም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ቤተል በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ማሚ፣ ወንበሯን ይዛ ወጣች።»

«ምን?»

«የራሷን ወንበር ይዛ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ቆየን፣ ምንም አላልንም። ከዚያ ኮክ አመጣች፤ እዚህ በጋ ነው ብርቱካን የለም። ላጠችና በቢላዋው ጫፍ ዘረጋችልኝ። ሳህን አጠገቤ የለም። ማሚ፣ ሳላስበው አፌን ከፈትኩ።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቀች። ጮክ ብላ ሳቀች። ማቴዎ ሳቋን ሰምቶ ከታች ድረስ ሮጦ ወጣ፤ አባቱ ከሞተ ስትስቅ አልሰማትም ነበር። አሁን እያለቀሰች ነው። ነጠላሽን ይዛዋለች፣ ጫፉን፣ አልለቅም ብላለች። በአንድ እጄ ነው የማዋራሽ።»

«ታዲያ እኔን ምን ታዋሪኛለሽ!» አልኳት። «ስልኩን ዝጊና ሁለቱንም እጅሽን ስጫት።»